ድሪቶ በሙዚየም፦ የአቃቂ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ አቃቂ ውስጥ በሲንጀር መኪና የሚሠሩ አረጋዊ ልብስ ሰፊ፣ ሌላዋ ስለ ልብስና ስለ ጨርቅ ታሪክ የምትጽፍ ሴት።

ሰፊው፦ ድሪቶ ሙዚየም ይግባ ትያለሽ አሉ። እኔ እስከማውቀው ሰው ድሪቶ የሚለብሰው ሌላ ሲያጣ ነው። ማጣቱን መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ትኬት መቁረጥ ነውር አይሆንም ልጄ?

ጸሐፊዋ፦ ነውሩን አልሸሸውም ጋሼ። ግን ክርክሩ ቀድሞ የተነሣው ጃፓን ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በጃፓን ትልቁ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ አኦሞሪ የሚባል አገር አለ። በረዶው ከባድ ነው፣ ጥጥም አይበቅልበትም። ገበሬው የሚለብሰው ሄምፕ ከሚባል ተክል ልጥ የተሸመነ ሻካራ ጨርቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ነፋስ ያሳልፋል። ይባስ ብለው በዚያ ይገዙ የነበሩት የጹጋሩ መሳፍንት እ.ኤ.አ. በ1724 ባወጡት የቁጠባ ደንብ ገበሬ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከሉ። ወደ ሰሜን የሚደርሰው ጥጥ በአብዛኛው በባሕር ዳርቻ በሚመላለሱ የንግድ መርከቦች ከደቡብ የሚጫን አሮጌ ጨርቅ ነበር። ሴቶቹ ያንን እራፊ በሄምፑ ላይ እየደረቡ በጥቃቅን ስፌት ይጠቅሙታል፤ ስፌቱን ሳሺኮ ይሉታል። እራፊ በእራፊ ላይ ሲደረብ፣ ልብሱ ከእናት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ሲያልፍ የሚገኘው ቦሮ ነው፤ የእኛ ድሪቶ መሆኑ ነው። ስፌት የማይይዘውን ደግሞ በጠባቡ ቀድደው እንደ ማግ ያስገቡትና መልሰው ይሸምኑታል። ዶንጃ ከሚሉት የሌሊት ልብስ ውስጥ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሥሩ ገብቶ ይተኛል። ከእራፊ የተሰፋ፣ ሴት ስትወልድ የሚነጠፍ ጨርቅም ነበራቸው፤ ሕፃኑ የሚወለደው የአያት የቅድመ አያቱ ልብስ ላይ ነው ማለት ነው።

ሰፊው፦ ይሄ ሁሉ ድህነት እንጂ ጥበብ ነው የሚባል?

ጸሐፊዋ፦ የአኦሞሪም ሰዎች እንደ እርስዎ ነው የተናገሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ሲበለጽግ ቦሮ ያለው ቤተሰብ አንዳንዱ ደበቀው፣ አንዳንዱ አቃጠለው። ታናካ ቹዛቡሮ የሚባል የዚያው አገር ሰው ነው በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበው። ከስብስቡ 786 የተሰፉ ልብሶችን የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 የሕዝብ ባህል ቅርስ ብሎ መዘገበ። ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2019 በቆየ ሙዚየም ደግሞ ጎብኚው ቦሮውን በእጁ እየነካ እንዲያይ ይፈቀድለት ነበር፤ ይህ በሙዚየም ዓለም ብርቅ ነው። የታናካ ብልሃት ድህነቱን አለማቆንጀቱ ላይ ነው። ልብሱ የማን እንደነበረ፣ ለምን ሥራ እንደተለበሰ እየጠየቀ ከዕቃው ጋር መዘገበው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ድሪቶ ይቀመጥ ስል ያምራል ማለቴ አይደለም። ዋጋውን ፊቱ ላይ ይዞ የሚታይ ብቸኛው ልብስ እሱ ስለሆነ ነው። የንጉሥ ካባ ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንደደከመበት አይነግርዎትም፤ የተሠራውም ያንን እንዲደብቅ ነው። ድሪቶ ግን ስንት ጊዜ እንደተቀደደ፣ ስንት ጊዜ እንደተጣፈ፣ ክሩ ሲያልቅ በምን እንደተተካ አንድ በአንድ ያሳያል።

ሰፊው፦ የእነሱ ሰማያዊ ነው አሉ፣ በቀለም የተነከረ። እራፊው ከእራፊው ጋር ሲገጥም ዓይን ይስባል። የእኛ ነጭ ጥጥ ነው፣ ከጊዜ በኋላ አመድ ይመስላል። ማን ይመለከተዋል?

ጸሐፊዋ፦ እውነት ነው፣ ሰማያዊው ዓይን ይስባል። ያናጊ ሶኤትሱ የሚባለው አሳቢ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተራው ሕዝብ የእጅ ሥራ ውበት አለው ብሎ ተነሥቶ ብዙ ተከታይ ስላፈራ፣ ቦሮን የሚያይ ዓይን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። የእኛ ነጭ በነጭ ስለሆነ የጠቃሚዋ ችሎታ የሚለካው ጥገናው ባለመታየቱ ነው። የነጠላ ቀዳዳን ክር ከራሱ ከነጠላው ጠርዝ መዝዞ ድሩንና ማጉን ተከትሎ የምትደፍን ሴት ከአኦሞሪዋ አታንስም። ሥራዋ ባማረ ቁጥር አይታይም፤ ስለዚህ የሚያመሰግናት የለም። ከዚያም በላይ አንድ ልዩነት አለ። አኦሞሪ ውስጥ ብርዱ ስለሚያስገድድ ጨርቅ እየተደረበ ይወፍራል፤ በእኛ አገር ግን ጨርቅ እየሳሳ ከደረጃ ደረጃ ይወርዳል። አራት እጥፍ የነበረ ጋቢ ሲሳሳ ይተረተርና ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያ የመኝታ፣ ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ የሽንት ጨርቅ፣ የድስት መያዣ፣ የልጆች የጨርቅ ኳስ፤ መጨረሻው ማሰሻ ሆኖ የጎመን ዘር ጠጥቶ ምጣድ ላይ ይነዳል። አገልግሎቱን እስከ አመዱ ስለሚጨርስ ለሰብሳቢ የሚተርፍ የለም። በየሙዚየማችን ካባና ላንቃ ጎልቶ የሚታየው የድሃው ልብስ ታሪክ ስለሌለው አይደለም፤ አልቆ ነው።

ሰፊው፦ ይህ ጥሩ አነጋገር ነው። ግን ሰው ቆጣቢ ስለነበረ ነው፣ አሁን ግን ሰው ተዝረከረከ ብትዪ ይቀለኛል። ዛሬ አንዲት ቁልፍ ስትበጠስ ሸሚዙ ይጣላል።

ጸሐፊዋ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። የሰው ጠባይ በ60 ዓመት እንዲህ አይለወጥም፤ የተለወጠው ሒሳቡ ነው። በእንዝርት ሲፈተል አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ሴቶች መፍተል ነበረባቸው። ጥጡ ይለቀማል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይደወራል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ላይ የሚቀመጠው የሥራው ትልቁ ክፍል ካለቀ በኋላ ነው። ጨርቅ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ግብር የሚከፈልበትና እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ነገር የነበረውም ለዚህ ነው፤ ውስጡ የተጠራቀመው ጉልበት ብዙ ነው። ክር እንዲህ ሲወደድና የሴት ጊዜ እንደ ነፃ ሲቆጠር ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መጣፍ ያዋጣል። ክር ሲረክስ አያዋጣም። ቆጣቢነት የምንለው ነገር አብዛኛው ይህ ሒሳብ ነው። ለማስረጃ ራሷን ጃፓንን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ ትልቁን ድርሻ የያዘው የጃፓን ነበር፤ የአሜሪካኑን አቡጀዲ በርካሽነቱ ገፍቶ አስወጣው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ሄደው ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚለው መጽሐፋቸው ጻፉ፤ ያ ዘመን የእነ ኦሳካ ፋብሪካዎች ጨርቅ ውቅያኖስ አቋርጦ የእኛን ገበያ ያጥለቀለቀበት ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ አኦሞሪ ውስጥ ሴቶች ገና እራፊ ይደርቡ ነበር። ፋብሪካ ያለበት አገር ሰው መጣፍ አላቆመም። መጣፍ የሚቀረው ጨርቁ ጣፊዋ እጅ በርካሽ ሲደርስ ብቻ ነው።

ሰፊው፦ አቃቂ ውስጥ ደግሞ ፋብሪካው ደጃችን ነበር።

ጸሐፊዋ፦ ለዚህ ነው ነገሩ ከሌላ ቦታ ይልቅ አቃቂን የሚመለከተው። የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በዚህ ስለሚያልፍ ፋብሪካ የሚተክል ሁሉ ዓይኑ እዚህ ነበር። ጣሊያኖች ድሬዳዋ ላይ ኮተኒን ተከሉ፤ የባሕር ዳሩ ጨርቃ ጨርቅ ከጣሊያን የጦር ካሣ ተሠራ፤ አቃቂ ላይ ደግሞ የህንዱ የቢርላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ኢንዶ-ኢትዮጵያ የተባለውን ፋብሪካ አቆመ፤ በኋላ ደርግ ወርሶት አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሆነ። የእነዚህ ፋብሪካዎች ትልቁ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አቡጀዲው ወይም የአልጋ ልብሱ አይደለም፤ ክሩ ነው። ሸማኔው ድሩን የፋብሪካ ክር አደረገ፣ ማጉን ብቻ በእጅ ፈትል አስቀረ። ከአንድ ጋቢ ውስጥ የሴቶቹ የእንዝርት ድካም በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወጣ። ጥበብ ልብስ ሳይጠፋ ረከሰ፤ ብዙ ሰውም መለወጫ ጋቢ አገኘ። ይህ መልካም ነገር ነው፣ ላማርር አልመጣሁም። የእናቶቻችን ጀርባ ዐረፈ። ግን ድሪቶ የሚባለው ልብስ ሞቱ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው፤ የሞቱን ምክንያት ማስረዳት የሚቻለው እዚህ፣ ክሩ በተፈተለበት ቦታ፣ አንድ የእጅ ፈትል ድሪቶና አንድ ጥቅል የፋብሪካ ክር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ሰፊው፦ ፋብሪካውንም አትርሺ፤ ቀለሙን ወንዙ ነው የጠጣው።

ጸሐፊዋ፦ አልረሳሁትም፤ እንዲያውም የክርክሬ እምብርት እዚያ ነው። ሒሳቡ ተለወጠ ስል ወጪው ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ቦታ ቀየረ። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የጨርቃ ጨርቁን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይራገፋሉ፤ በመንገዳቸው ደግሞ ሰላጣና ጎመን ይጠጣቸዋል። የርካሹ ጨርቅ ዋጋ ከመለያው ላይ ተነሥቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ የመጣውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ዘመን ይመልከቱ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ፓርክ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ያነሰ ነው አሉ። ያንን ሸሚዝ ስቶክሆልም ላይ የሚገዛው ሰው 26 ዶላሩን በየትኛው ስፌት ላይ ያገኘዋል? ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይናገርም። ድሪቶ ከሱ የሚለየው በዚህ ነው። የሠራችው፣ የለበሰችውና የጠገነችው አንዲት ሴት ስለሆነች ወጪውን የምታስተላልፍበት ወንዝም ሩቅ አገርም የላትም። ሁሉም እዚያው ጨርቁ ላይ ተጽፏል።

ሰፊው፦ አንቺ የምታወሪው ስለ አዲስ ልብስ ነው። እኔን የገደለኝ አሮጌው ነው። ሰልባጅ።

ጸሐፊዋ፦ ይንገሩኝ እስቲ።

ሰፊው፦ ቦንዳው ሲፈታ ከአውሮፓ የተጣለ ሱሪ እኔ ጉልበቱን ለመጣፍ ከምጠይቀው ሒሳብ ጋር ይቀራረባል። መንግሥት የተለበሰ ልብስ ለንግድ እንዳይገባ ከልክሏል፤ በምሥራቁ ድንበር በኮንትሮባንድ ይገባል። ታዲያ ማን ያስጥፋል? ወደኔ የሚመጣው ስፋቱን አጥብብልኝ፣ እግሩን ቆርጠህ ቀምቅምልኝ፣ ዚፑን ቀይርልኝ የሚል ነው። ፈረንጁ ረጅምና ሰፊ ነው፣ የኛ ሰው ቀጭን ነው። ቀኑን ሙሉ ፈረንጅን እያጠበብኩ እውላለሁ።

ጸሐፊዋ፦ ይህማ ራሱ የዘመናችን ጥፍ ነው! ድሪቶ የሴትየዋን ችግር እንደሚያሳይ፣ የጠበበ የሰልባጅ ሱሪ ደግሞ የሁለት አገር ችግር በአንድ ስፌት ያሳያል፤ አንዱ ጋር የተትረፈረፈው ሌላው ጋር ልክ እንዲሆን ሲቆረጥ። እኔ ብሆን ከድሪቶው ጎን አንዱን እሰቅለው ነበር፤ የውስጡ ስፌት ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ የመጀመሪያው የፋብሪካ ስፌትና የእርስዎ ስፌት አንድ ላይ እንዲታይ። ነገሩ ፖለቲካም አለበት። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ሰልባጅን ቀስ በቀስ እናስቀራለን ብለው ሲስማሙ አሜሪካ ተቆጣች፤ አቋሟን ያልለወጠችው ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ልብሷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድሏ ታገደባት። እኛም በሌላ ምክንያት፣ በሰሜኑ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው ከዚሁ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣን። ፓርኩ ውስጥ የምትሰፋው ልጅ ሥራ የማን ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሰፊው፦ እሺ፣ ተቀመጠ እንበል። ነገ አንዱ ባለሀብት መጥቶ ያንን ድሪቶ በብዙ ሺህ ይገዛዋል፣ ወይም አስመስሎ ያሠራና ለሀብታም ልጅ ይሸጠዋል። የተቀደደ ጂንስ በውድ እየተሸጠ አይደል? ድህነትን ለብሶ መዘነጥ!

ጸሐፊዋ፦ ይህ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ጃፓን ላይም ደርሷል፤ ቦሮ ዛሬ በኒው ዮርክና በፓሪስ የሥዕል መሸጫዎች ግድግዳ ላይ በውድ ይሸጣል፤ ትልልቅ የፋሽን ቤቶችም ይኮርጁታል። በሰፋችው ሴት ቤተሰብ እጅ የገባው ግን ሸክሙ የቀለለበት እልፍኝ ብቻ ነው። የአሜሪካኖቹ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ፤ የባሮች ልጅ ልጆች ናቸው፤ ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከጂንስ እራፊ የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ሥራ ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ቀርቦ አገሩን ጉድ አሰኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራችን የሚገባንን አላገኘንም ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2008 በስምምነት አለቀ። ከዚህ የምወስደው አይቀመጥ የሚለውን አይደለም። ያልተቀመጠውን ነጋዴ አያከብረውም፤ ምናለሽ ተራ ሄዶ በኪሎ ይገዛዋል። የምወስደው፣ ከመሰቀሉ በፊት የባለቤትነቱ ነገር በጽሑፍ ይለቅ የሚለውን ነው። ሙዚየሙ ይጠብቃል እንጂ አይሸጥም፤ ምስሉን ለንግድ የሚጠቀም ለቤተሰቡ ይከፍላል፤ ስሜ አይጻፍ ያለች ስሟ አይጻፍም። የተቀደደ ጂንስን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ፋብሪካ በአሸዋና በኬሚካል ያስረጀው ሱሪ ያልተከፈለ ዕድሜ ለብሷል፤ የውሸት ሰነድ ነው።

ሰፊው፦ ብል አለ፣ አይጥ አለ፣ እርጥበት አለ። መንግሥት ለአፄዎቹ ካባ የሚበቃ ገንዘብ ሳይኖረው ለድሪቶ ከየት ያመጣል?

ጸሐፊዋ፦ ድሪቶ ከካባ ይረክሳል። የወርቅ ጥልፍ የለው፣ ሐር የለው። ጨለማ ክፍል፣ ንጹሕ መደርደሪያ፣ አሲድ የሌለው ወረቀትና የማያጥብ ሰው ይበቃዋል፤ ማጠብ ከብል ይብሳል፣ ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። ወጪው ያለው ጠይቆ መመዝገቡ ላይ ነው። ማን ፈተለችው፣ ጥጡ ከየት መጣ፣ እራፊው የማን ቀሚስ ነበር። ይህን የሚመልሱት ሴቶች በዕድሜ ገፍተዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁሞ ሙዚየሙን ሲያደራጅ የገበሬውን ዕቃ እንደ ቅርስ መሰብሰብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ሞሰቡና ገንቦው እዚያ መቀመጡን የሚከራከርበት የለም።

ሰፊው፦ ሞሰብማ ለእንግዳ ይቀርባል። ድሪቶ ከእንግዳ ይደበቃል። ሰው አይሰጥሽም።

ጸሐፊዋ፦ ለልዋጭ ግን ይሰጣል። አሮጌ ልብስ ይዞ ወጥቶ ሳህንና ባልዲ ይዞ ይገባል፤ ማንም አያፍርም፣ ምክንያቱም ልውውጥ ነው፣ ምጽዋት አይደለም። ፍራሽ አዳሽም ሲመጣ የተቦጨቀው ፍራሽ ደጅ ላይ በጎረቤት ፊት ይፈታል። ነውሩ የሚመጣው አንዱ ሰጪ አንዱ አዛኝ ሲሆን ነው። ስለዚህ በልዋጭ ሕግ እንሂድ፤ አሮጌ ድሪቶ ላመጣች አዲስ ጋቢ፣ ከአገር ሸማኔ የተገዛ።

ሰፊው፦ (ሳቅ) አዲስ ጋቢ በአሮጌ ጨርቅ! አቃቂ ብቻ አይደለም፣ ገላንም ዱከምም ጨርቄን ማቄን ሳይል ነው የሚሰለፍልሽ። ግማሹ ትናንት ማታ የሰፋውን ነው የሚያመጣው።

ጸሐፊዋ፦ በምን ይለያል?

ሰፊው፦ ይለያል። መጀመሪያ ክሩን መዝዘሽ በጣትሽ ፍቺው፤ የፋብሪካ ክር እኩል ነው፣ የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ቀጥሎ እራፊውን ገልብጪ። እውነተኛ ድሪቶ ከሆነ ሥሩ ያለው ጨርቅ ተሸፍኖ ስለኖረ ከዙሪያው ይነጣል፤ ትናንት የተሰፋ ከሆነ ሥሩም ላዩም አንድ ነው። የእራፊውን ጠርዝ እዪ፣ አብሮ ካረጀ ይለሰልሳል፣ ጫፉ ከሥሩ ጨርቅ ጋር ይዋሃዳል። ትከሻው ላይ የእንስራ ገመድ ያበላሸው ቦታ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። አሳሳች ሁለቱንም ትከሻ እኩል ይቦጭቃል።

ጸሐፊዋ፦ ታዲያ መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ሰው እርስዎ ነዎት።

ሰፊው፦ በቀን ስንት ትከፍይኛለሽ?